የመቆም ፈቃድ

በኮምቦልቻ ከተማ ሳይጠየቅ ከአልጋው የሚነሳ ሰው የለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከራስጌ ያለው፣ ጠያቂ የሚባለው መሣሪያ ለስለስ ባለ ድምፅ «እንዴት አደርሽ፣ ውብርስት?» ይላል፤ ውብርስትም ዓይኗን ሳትገልጥ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከዚያ ተራው የባሏ የስንሻው ይሆናል። እሱም ደህና ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት የቀራት ልጃቸው ትርንጎ ዕድሜዋ ስላልደረሰ አትጠየቅም፤ ግን መቅረት አትወድምና ከአልጋዋ ሆና «እኔም ደና!» ብላ ትጮኻለች። መልሳቸው ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ የጠየቀ የለም።

ከዚህ በኋላ ውብርስት ትነሳለች። መነሳቷ አራት ደቂቃ ይፈጃል። በግራ ጎኗ ትዞራለች፣ እግሮቿን አስቀድማ ታወርዳለች፣ እጇን ግድግዳው ላይ ታደርግና ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ከእምብርቷ በታች፣ ከጭኖቿ በላይ፣ ትርንጎ ወደዚህ ዓለም በመጣችበት መንገድ ዙሪያ የሰፈረውን ሕመም ነው። አንዳንድ ቀን ይጠዘጥዛል፣ አንዳንድ ቀን ያቃጥላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከውስጥ ገመድ አስሮ ቀስ እያለ የሚያጠብቅ ሰው ያለ ይመስላታል። ስትቀመጥ ይብሳል። ስንሻው በዚያ ሰዓት መታጠቢያ ቤት ስለሚሆን አራቱን ደቂቃ አይቶ አያውቅም።

በወለደች ሰሞን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል መልእክት ከሰባ በላይ ሰው ልኮላት ነበር፤ ሁሉም በጠያቂው በኩል። ቤት ድረስ መሄድ ከቀረ ቆይቷል። ጠያቂው እያለ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ባይሆንም ግራ ያጋባል። ውብርስት ለሁሉም «አሜን» ስትል ከረመች። ልጇ ጤነኛ ናት፣ እሷም በሕይወት አለች፤ ምሕረቱ ግን መንገድ ላይ ሳለ ሌላ ሥራ የገጠመውና ሳይደርስ የቀረ ይመስላት ነበር። እንዲህ ማሰቧን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም።

ክሊኒክ አሥራ አንድ ጊዜ ሄዳለች። ነጩ ክፍል ውስጥ አስተኝተው ከውስጥም ከውጭም አይተዋታል፣ ሥሯንና ጅማቷን አንድ በአንድ ቆጥረውላታል። አሥራ አንዱንም ጊዜ የወጣው ውጤት «ምንም የለም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ቀን በደስታ አለቀሰች። በአምስተኛው አላለቀሰችም። በአሥራ አንደኛው «ምንም» የተባለው ነገር አብሯት ከክሊኒኩ ወጥቶ፣ አብሯት ባቡር ተሳፍሮ ቤቷ ገባ።

ሥራዋ መኪና መጠበቅ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ወደብ የሚወርዱ ሹፌር የሌላቸው ዘጠኝ የጭነት መኪኖች በስሟ አሉ፤ ግመል መንገድ ሲዘጋባቸው ወይም ጎርፍ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ የምትወስነው እሷ ናት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ሥራ ላይ ነው፤ ከወንበሩ የተነሳ ሠራተኛ እንደሌለ ይቆጠራል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወንበሩን «አለቃ» ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት «አለቃ ላይ ልቀመጥ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ውብርስት እስካሁን የተረፈችው በመቆም ፈቃድ ነው። የወለደች ሴት ልጇ ሦስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በመስኮቱ ዳር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆማ እንድትሠራ ይፈቀድላታል። ትርንጎ ሦስት ዓመት የሚሞላት ሚያዝያ 12 ቀን 2076 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ሰዓት ሙሉ አለቃ ላይ መቀመጥ ነው። ውብርስት እቤቷ በእንጨት በርጩማ ላይ ሞክራው ነበር፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃት።

መጋቢት 8 ቀን ፈቃዷን ለማሳደስ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደች። የፈቃድ ክፍሉ ሠራተኛ ሙላት የሚባል፣ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት ወጣት ነው። ከኋላው ግድግዳ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እንዴት ነዎት?» አላት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ውብርስት።

ጠረጴዛው ላይ መልሷን የመዘገበች አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ሙላት መብራቷን አየ፣ ውብርስትን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

ችግሩ ይኸው መሆኑን እያፈረ አስረዳት። ከወለደች ጀምሮ አንድ ሺህ ስልሳ ሁለት ጠዋት ተጠይቃለች። አንድ ሺህ ሃምሳ ዘጠኙን ደህና ነኝ ብላለች። በቀሩት ሦስት ቀናት «መልስ አልተሰማም» የሚል ተጽፏል። ሦስቱን ቀናት ውብርስት ታስታውሳቸዋለች፤ ጥርሷን ነክሳ አፏን መክፈት ያቃታት ቀናት ናቸው። ሙላት ይህ የመሥሪያ ቤቱ ቃል ሳይሆን የራስዎ ቃል ነው አላት።

«ወንድሜ፣ ሰላምታ እኮ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነው የምመልሰው።»

ደንቡን አውጥቶ አነበበላት። መሣሪያ ምክንያቱን ላላገኘለት ሕመም ፈቃድ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ታማሚዋ ሠላሳ ጠዋት ሳታቋርጥ መታመሟን በራሷ አንደበት ስትናገር ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ በሦስት ጠያቂዎች ሲረጋገጥ ነው። ይህኛው እንደማይጠቅማት ሙላት ነገራት፤ የራስጌው ጠያቂ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጠያቂና የክሊኒኩ ጠያቂ ሦስቱም ጤነኛ ናት ብለዋል። የቀራት ሠላሳው ጠዋት ነው። አንዷን ቀን ከሳተች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ውብርስት ደንቡ የታተመበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀላል ነገር ነው ብላ ወጣች። ሰው እንዴት አደርሽ ሲባል እውነቱን መናገር ያቅተዋል?

አቃታት። በማግስቱ ገና እንቅልፏ ሳይለቃት «ደህና» ብላ ተገኘች። በሁለተኛው ቀን ማታውን ስትለማመድ አምሽታ «ደ—» ካለች በኋላ ምላሷን ነከሰች፤ ጠያቂው ግን ቸር ነውና ቀሪውን ራሱ ሞላላት። ምላሷ ብቻም አይደለም የተቃወማት። ሟች እናቷ ማልዶ የሚያማርር ሰው አይወዱም ነበር፤ ፈጣሪ አሳድሮ ገና ዓይንሽን ሳትገልጪ ክስ ታቀርቢበታለሽ ወይ ይሉ ነበር። በእናቷ ቤት ደህና ነኝ የሚባለው ደህና ስለሆኑ አልነበረም፤ ስለነጋ ነው።

መጋቢት 11 ቀን ከጥያቄው በፊት ነቅታ ጠበቀች። ስንሻው አልጋው ላይ እንዳለ አንድ እግር ካልሲውን አጥልቆ ሁለተኛውን በእጁ ይዟል።

«እንዴት አደርሽ፣ ውብርስት?»

«ደህና አይደለሁም» አለች። ድምጿ ቀጠነባት። «አሞኛል። ከወለድኩ ጀምሮ አሞኝ ነው የማድረው፤ አሞኝ ነው የምውለው።»

ጠያቂው ማዘኑን ገልጾ መዘገበ። ስንሻው ግን ካልሲውን እንደያዘ ቀረ። ፈቃድ እንደሚታደስ ያውቃል፣ ክሊኒክ እንደምትመላለስ ያውቃል፤ ግን ማታ ማታ ከሚሠራበት ውሃ ጣቢያ ሲመለስ እንዴት ዋልሽ ይላታል፣ ደህና ትለዋለች፣ አምኗት ራቱን ይበላል። ሦስት ዓመት ሙሉ እሱም እንደ ጠያቂው ሲመዘግብ ነው የኖረው። ወደ ሥራው ሊሄድ ተነስቶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት።

ነገሩ ገብቷታል። ከወለደች ወዲህ አልጋው ሰፍቶባቸው ነበር፤ እጁ ሲመጣ ትደነግጣለች፣ እሱም እጁን ይሰበስባል፣ ሁለቱም የተኙ ይመስላሉ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የጠላሁት መቀመጥን ነው» አለችው። «አንተንማ እንዴት ብዬ።»

የሚስቅ መስሏት ነበር። ስንሻው ግን ፊቱን በካልሲው ጠረገ። ያን ቀን ጠዋት አራቱን ደቂቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ አየ። አልደገፋትም፣ አላጣደፋትም፤ ክንዱን ግድግዳው ዘንድ አቅርቦ ብቻ ጠበቀ። እሷም ከግድግዳው ይልቅ ክንዱን ያዘች።

ነገሩን ከቤት ያወጣችው ትርንጎ ናት። እናቷ ደህና ማለቷን ስላቆመች «እኔም ደና» ማለቱ ግራ አጋብቷት ነበር። ከአራተኛው ፎቅ የሚወርዱትን እትዬ ዘሐራን ደረጃው ላይ አግኝታ ለእንዴት አደርሽ መልስ ስትሰጥ «እኔ ደና፣ አባዬ ደና፣ እማዬ ደና አይደለችም» ብላ ዘረዘረችላቸው።

እትዬ ዘሐራ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። መሣሪያ ሁሉን ሳይረከብ በፊት አርባ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው በሩን አንኳኩ። ውብርስት ከፍታ ስታያቸው ደነገጠች፤ ያለ ጥሪ ቤቷ ድረስ የመጣ ሰው ካየች ስንት ዓመቷ።

«አጥሚት የአራስ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው።

«አራስ አይደለሽም ያለሽ ማነው? ያንቺ ገና አላለቀም። በይ ጋደም በይ፤ ለእኔ ብለሽ አትቀመጪ።»

ውብርስት በእንግዳ ፊት ተጋድማ አታውቅም። አፍራ አፍራ በጎኗ ጋደም አለች። እትዬ ዘሐራ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አኖሩላትና ይጠይቋት ጀመር። እንዴት ነሽ አላሏትም። የት ጋ ነው አሏት። ወደ ቀኝ ያደላል ወደ ግራ? ስትቀመጪ ነው ስትነሺ? ሽንትሽን ስትሸኚስ? ትርንጎን ስታነሻትስ? በየመልሱ መሐል ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ አይቸኩሉም። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከባልሽ ጋርስ አሏት። ውብርስት ወደ መስኮቱ ዞረች። እትዬ ዘሐራ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ምን እንደሆነ ያውቁት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እትዬ ዘሐራ አልዋሿትም። ብዙ ሴት እንዲህ ስትሆን አይተዋል፤ አንዳንዷን በዓመቱ ለቋታል፣ አንዳንዷን በአምስት ዓመቱ፣ አንዳንዷ ደግሞ ለምዳው ኖራለች። ምክንያቱን ግን ያኔም አላወቁትም።

«ስም አላገኘንለትም ነበር» አሉ። «ስም የሌለው ሁሉ ግን የለም ማለት አይደለም። አንቺ የምትይው አለ፤ እኔ አምኜሻለሁ።»

ውብርስት አለቀሰች። በአሥራ አንዱ ምርመራ ያላገኘችው ይህቺን ነበር፤ የመጣችውም ከመድኃኒት ጋር ሳይሆን ከአጥሚት ጋር ነው። እትዬ ዘሐራ ሙቅ ጨርቅ ማድረግ፣ ትንፋሽን ወደ ታች እያወረዱ የተቋጠረውን ማላላት አሳዩዋት። የሳቸው ጠያቂ ምን እንደሚላቸው ስትጠይቃቸው ሳቁ። «እኔ አልሐምዱሊላህ እለዋለሁ፤ ጉልበቴ ግን እንደኔ አመስጋኝ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ በሩ መንኳኳት ለመደ። ከጠረጴዛዋ አጠገብ የምትሠራው ባልደረባዋ ልክነሽ ወሬውን ሰምታ ሎሚ ይዛ መጣች። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ይመር ምን እንደሚባል ስለማያውቁ በረንዳው ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ያመጡትን ብርቱካን አስረከቡ፣ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ገብተው ተቀመጡ። ውብርስት እየተጋደመች መጫወት ተማረች። ጠዋት ጠዋትም ቃሏ እየሰፋ ሄደ፤ ዛሬ ያቃጥላል፣ ዛሬ ግራው ብሷል፣ ዛሬ ከትላንቱ ረፈድ ብሎ ነው የጀመረኝ። አሥር ቀን ሞላ፣ ሃያ ሞላ፣ ሃያ ዘጠኝ ሞላ።

ሚያዝያ 10 ቀን፣ ሠላሳኛው ጠዋት፣ ውብርስት ነቃችና እንደ ልማዷ ጠበቀች። አልመጣም። ቀጠሮ አክባሪ እንግዳ ያረፈደባት ይመስል ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። እግሯን አንቀሳቀሰች። ሆዷን ነካች። ወገቧ ቀሏታል፣ ታችዋ ጸጥ ብሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ያ አሥራ አንድ ጊዜ የተነገራት ምንም ዛሬ እውነት ሆኖ መጣ። ምነው ትላንት ወይም ነገ ባደረገው።

ስንሻው ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው። ብትስት ሌላ ሠላሳ ቀን የለም፤ ፈቃዱ ከነገ ወዲያ ያልቃል። ጆሮዋ ጥግ ተጠግቶ «አመመኝ በይው፤ አንዲት ቀን ናት» አላት።

«እንዴት አደርሽ፣ ውብርስት?»

መስኮቱ ላይ ብርሃን ነበር፣ ትርንጎ ጸጥ ብላ ታዳምጣለች።

«ዛሬ አላመመኝም» አለች ውብርስት። «ዛሬ ደህና ነኝ።»

«ደስ ይላል» አለ ጠያቂው። «ደህና ተብሎ ተመዝግቧል። የተከታታይ ቀናት ብዛት፣ ዜሮ።»

ስንሻው ራሱን ያዘ። ውብርስት ደግሞ ተነሳች፤ ያለ ግድግዳ፣ ያለ ክንድ፣ በአንድ ጊዜ ተነስታ ትርንጎን ከአልጋዋ አንስታ አቀፈቻት።

«ሦስት ዓመት አሞኝ ደህና ነኝ እያልኩ ዋሸሁ» አለችው። «ደህና በሆንኩባት ባንዷ ቀን ደግሞ አሞኛል ብዬ አልዋሽም። ይህቺን እንኳ ልያዛት።»

ያዘቻት። ሕመሙ በሦስት ሰዓት ገደማ ተመለሰ፤ ከነሙሉ ጓዙ።

እትዬ ዘሐራ ማታ ሲመጡ ተጋድማ አገኟትና ሁሉን ነገረቻቸው። አልተቆጧትም፤ መነጽራቸውን አጥልቀው የደንቡን ወረቀት ጠየቁ። ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ከላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ላይ አድርገው ስንሻውን ጠሩት።

«ይህ ደንብ የወጣው መቼ ነው ይላል?»

«በ2051» አለ ስንሻው።

«ይህ የራስጌ ዕቃ የገባውስ?»

ስንሻው አሰበ። እሱ ተማሪ ሳለ ነው የገባው፤ በ58።

«ታዲያ» አሉ እትዬ ዘሐራ፣ «በ51 ዓ.ም. ጠያቂ የሚባለው ማን ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተያዩ። ለመታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል፣ የሚጠይቀውም ሰው ነበር። ቃሉን ዕቃው ወስዶት ስለኖረ የማን እንደነበር ተረስቷል።

በማግስቱ ጤና ጽሕፈት ቤት የገቡት አምስት ናቸው። ስንሻው ባል ስለሆነ የቤት ሰው እንጂ ጠያቂ አይባልም ተብሎ ዳር ቆመ፤ ትርንጎም ከእሱ ጋር። እትዬ ዘሐራና ልክነሽ ውብርስትን መሐል አድርገው ተሰለፉ። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ለማምጣት ተመልሰው ትንሽ ቆይተው ደረሱ። ሙላት ወረቀቱን አነበበ፣ ዓመተ ምሕረቱን አየ፣ እንደገና አነበበ። ጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ ሲጠየቅ መልሱን በአራት ሰከንድ ሰጠው፤ እሱ ግን ለማመን ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ደንቡ አልተሻረም። የሻረው ሰው ያልነበረው የሚያስታውሰው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሦስቱን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። እትዬ ዘሐራ የት ጋ እንደሚያማት፣ ስትቀመጥ እንዴት እንደሚብስ ተናገሩ። ልክነሽ፣ ውብርስት ከመስኮቱ ዳር ቆማ እንኳ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ እንደምትውል ተናገረች። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ የማውቀው፣ ስንገባ ፈገግ ትላለች፣ ስንወጣ ትቃትታለች» አሉ። ሙላት ሁሉንም በእጁ ጻፈ።

ፈቃዱ የአንድ ዓመት ነው፤ ሲያልቅም ሦስት ጠያቂ እየቀረበ ይታደሳል። «የሕመሙ ምክንያት» በሚለው ቦታ «አልታወቀም» ተጻፈ። ሙላት ወረቀቱን ሲሰጣት ከልማድ የተነሳ «እንግዲህ ደህና—» ብሎ ጀመረና መብራቷን አይቶ አቆመ። «ቀስ ብለው ይሂዱ» አላት።

በሚያዝያ 12 ማታ የትርንጎ ልደት ዳቦ ተቆርሶ፣ እንግዶች ከሄዱ በኋላ ስንሻው ሳህኖቹን አጠበ። ውብርስት ክንዷን መስኮቱ ላይ ደግፋ ቆማለች። ቀኑ ከባድ ነበር፤ ታችኛው ሆዷ እንደ ሁልጊዜው ይጠብቃል። እጁን አድርቆ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ደህና የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣች። ውብርስት ወደ ውስጥ መለሰቻት፤ በእጇም ወንበሩን አሳየችው።

«ቁጭ በል፣ ልንገርህ።»